ሁለተኛዋን አንደኛ ያደረገው ምርጫ

ሰው ለምርጫ ግድ የለውም የሚል ካለ ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ይምጣ። የኮሚቴ ሊቀመንበር የምንመርጥ ቀን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ እንኳ አስፈቅዶ ይመጣል።

ነገሩ ውሃ ነው። ፓምፑ ከተበላሸ ከርሟል። ላይ የምንኖረው ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ ጉልበታችን አለቀ። ታች ያሉት ደግሞ ውሃ አላቸው፤ ፓምፑ ከተጠገነ ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳናል ባዮች ናቸው። የላይኞቹ እጩ ጋሽ ግርማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። የታችኞቹ እትዬ አልማዝ፤ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ ያላቸው። አንዱ ሲመረጥ የሌላው ወገን አልተባበርም ይላል። እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ።

ዘንድሮ ሦስተኛ እጩ ተነሣች። ሲስተር ዘይነባ፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ነርስ። የግቢውን ልጅ ሁሉ ትኩሳት ለክታለች፤ በማንም አትታማም። ደስታዬን አልቻልኩም። በር ለበር እያንኳኳሁ ቀሰቀስኩላት። ላይ ያሉት፣ “እሷማ ወርቅ ናት፤ ግን አታሸንፍም። ድምፄን አባክኜ እትዬ አልማዝ ይግቡብኝ?” አሉኝ። ታች ወረድኩ። ያው ነው፤ “ጋሽ ግርማ ይግቡብኝ?”

እስቲ ፍረዱኝ፣ ሁሉም የሚወዳት ሰው እንዴት ነው የማታሸንፈው?

አሰብኩና መላ አመጣሁ። መራጩ አንድ ስም ብቻ ከሚጽፍ ሦስቱንም በምርጫው ቅደም ተከተል ቁጥር ይስጣቸው። አንደኛ ያለው ካልተሳካለት ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይለፍ፤ የሚባክን የለም። በስብሰባ ላይ አስረዳሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ገባኝ ማለት እንዳልሆነ የተማርኩት በቆጠራው ነው።

እሁድ ጠዋት ግቢው ጢም አለ። አባባ ፈይሳ የሚባሉ፣ ሰፈሩ እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ሽማግሌ፣ ወረቀታቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ለሦስቱም አንድ አንድ ጽፈዋል።

“አባባ፣ እንዲህማ ከሆነ አልመረጡም እኮ” አልኳቸው።

“ሦስት ጊዜ መርጬ?”

እሱስ ቀላል ነበር። ድምፅ የሰጠንበት ካርቶን ሲከፈት አብዛኛው ወረቀት አንድ ዓይነት ሆነ፤ አልማዝ 1፣ ዘይነባ 2፣ ግርማ 3። ታችኞቹ እልል አሉ። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ “ሦስት ከአንድ እንደሚበልጥ ከእኔ ጋር ልትከራከሩ ነው?” አሉ። ለካ ግማሹ ሰው ነጥብ የሚሰጥ መስሎት ለወደደው ሦስት፣ ለጠላው አንድ ሰጥቷል። የትኛው ወረቀት የማን ነው እንዳይባል ስም የለበትም። ሁለቱም ወገን አሸነፍን ብሎ ቆመ። ክርክሩ ወደ አንገት ለአንገት ሊሄድ ሲል ወረቀቶቹን እያገላበጥኩ አንድ ነገር አየሁ።

“ከላይም ቁጠሩ፣ ከታችም ቁጠሩ፣ ዘይነባ ሁለተኛ ናት” አልኩ። “የማያከራክረው የእሷ ቁጥር ብቻ ነው።”

እትዬ አልማዝ ቀድመው፣ “ግርማ ከሚገቡ እሷ ትግባ” አሉ። ጋሽ ግርማም፣ “ከአልማዝማ እሷ ትሻላለች” አሉ። በዓመታት የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ዘይነባ እየሳቀች ጠጋ አለችኝና፣ “እኔም ለራሴ ሁለት ነው የሰጠሁት፤ ራስን አንደኛ ማለት ነውር መስሎኝ” አለችኝ።

ሰነፍ አይደለችም። ወሩ ሳያልቅ ፓምፑ ተጠገነ፤ የታችኞቹ እንቅልፍ እንዳይረበሽ ቀን ቀን ብቻ እንዲሠራ አደረገች። ሁለቱም ወገን መረቃት።

ቀጥላ ስብሰባ ጠራች። “ያ የቁጥር ምርጫ ሊያጋድለን ነበር” አለች። “ከእንግዲህ እጅ በማውጣት ይሁን። የምትደግፉ?”

ጉሮሮዬ እስኪነቃ ያስረዳሁትን ዘዴ ለመሻር ቀድሞ የወጣው እጅ የእኔ ነበር። ምን ላድርግ፣ ቧንቧዬ ውሃ ካመጣ ወዲህ ስለ ምርጫ ሥርዓት ያለኝ ጥያቄ ቀንሷል።