ሰው ያለበት አፕ

ወልቂጤ ውስጥ ሮጠህ ታውቃለህ? እኔ አንድ ቀን ሮጫለሁ፤ አልደገምኩትም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስኳርህ ጠርዝ ላይ ነው፣ ተንቀሳቀስ ብላኝ በማለዳ ቱታዬን ለብሼ ወጣሁ። ሃምሳ የተጠጋ የጂኦግራፊ መምህር ሲሮጥ ያየ ሁሉ ማን ሞተ እያለ ተከተለኝ። ስመለስ ባለቤቴ አስቴር ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ቆማለች። ማን እንደሞተ ግን እሷም አላወቀችም።

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ፣ በሬን ዘግቼ ልንቀሳቀስ ወሰንኩ። አንድ ባልደረባዬ ቡታጅራ የሚሸጥ ብስክሌት እንዳለ ጠቆመኝ። የማይሄደውን ማለቴ ነው፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ፔዳሉ ብቻ የሚሽከረከረውን። ሻጯ ነፊሳ ትባላለች። ባሏ ከድር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በምርኩዝ እያነከሰች እስከ በር ሸኘችኝ። ብስክሌቱን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲያስሩት ግን ፊቷን አዞረች። መሪው ላይ የተገጠመችውን ታብሌት ልፈታላት ስል፣ አብራው ትሂድ አለችኝ።

አሁን መከራው አፕ መምረጥ ሆነ። ያለ አፕ እኮ ግድግዳ እያዩ መራገጥ ነው። የመጀመሪያውን ስልኬ ላይ ጫንኩት። አንዲት ፈረንጅ ትጮህብኝ ጀመር። አስቴር ከጓዳ ሮጣ መጥታ ማን ናት ይቺ አለች። ነገሩ እስኪገባት ድረስ ምሳ አልቀረበም። ሁለተኛው በበረዶ ተራራ መካከል ይወስድሃል። ጥሩ ነበር፤ ግን ኔትወርክ ሲቆረጥ ጋላቢዎቹ ሁሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ይቀራሉ። እኔ እየጋለብኩ፣ እነሱ በድን። እሱንም አጠፋሁት። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? ታብሌቷ ላይ ቀድሞ የነበረውን አፕ ከፈትኩ።

"እንኳን ደህና ተመለስክ፣ ከድር" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ስሙን ልቀይር ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ተውኩት። መንገዱ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። ትንሽ እንደጋለብኩ ከጎኔ ፊት የሌለው ግራጫ ጋላቢ ብቅ አለ። አየኝ ልበል? ዓይን እንኳ የለውም። ጥሎኝ ሄደ።

በማግስቱ የትምህርት ቤታችንን የኮምፒውተር መምህር ጠየቅኩት። የአፑ ተጠቃሚ ምርጥ ጉዞ ነው አለኝ። አፑ መዝግቦ ያስቀምጠዋል፤ እስክትበልጠው ድረስ አብሮህ ይጋልባል፤ ስትበልጠው አዲሱ ጉዞህ ይተካዋል። "በቃ፣ ራስህ ነህ" አለና ሳቀ። ችግሩ እኔ አለመሆኔ ነዋ!

እንዲህ ሆነና በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሟች ጋር እጋልብ ጀመር። ግራጫው ጋላቢ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ድልድዩ ጋ ይቆማል። አራት ደቂቃ ሙሉ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ይነሳል፤ ያን ያህል ቆሞም ይቀድመኛል። ዛሬም እንዲሁ፣ ነገም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት እኔም አብሬው መቆም ጀመርኩ። ለምን አትበለኝ። ሰውን ድልድይ ላይ ጥሎ መሄድ ይከብዳል።

አንድ ቀን እንደዚያ ቆመን ሳለ ከመኝታ ቤት አልጋ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሰው ጎኑን ሲያገላብጥ እንደሚሰማው ያለ ነው። አስቴር እምድብር እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ገብቼ አየሁ፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ያን ቀን በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት፤ ከዚያ ወዲያ እሷም ያቺን ክፍል ብቻዋን አልገባችም።

ነፊሳ ጋ ደወልኩ። ሰላምታው ሲያልቅ፣ አፑ ላይ ባለቤትሽ አሉ፤ መሐል ላይ ደርሰው ይቆማሉ አልኳት።  

"አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?" አለችኝ።

ደቂቃውን ገና አልነገርኳትም ነበር።

ነገሩን ያጫወተችኝ ያኔ ነው። ወገቧን ታማ ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበረች። ከድር ብስክሌቱን ያመጣው እሷን ለማንሳት ጉልበት እንዳይከዳው ብሎ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እመጣለሁ ይላትና ሳሎን ይጋልባል፤ መሐል ላይ ወርዶ ጎኗን አገላብጦ፣ ትራሷን አስተካክሎ ይመለሳል። ጎረቤት ሁሉ የእሷን መርዶ ሲጠብቅ፣ እሱ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ቆመ። አላህ ይርሐመው አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦

"አሁንም ይቆማል?"

"ይቆማል።"

በቅዳሜው ከእህቷ ጋር ከቡታጅራ መጣች። አስቴር ያቀረበችውን አልነካችም። ምርኩዟን ለእህቷ ሰጥታ ብስክሌቱ ላይ ወጣች። እህቷ ወገብሽን ብትላት የሰማች አትመስልም። ፔዳሉን በጭንቅ ነው የምታዞረው። ግራጫው ጥሏት ሄደ፣ ከዓይንም ተሰወረ። ግንባሯ በላብ ታጠበ። በመጨረሻ ድልድዩ ከሩቅ ታየ። እሱም ቆሟል። ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት ተነሳ።

"ከድር" አለች።

ኩርባውን ታጥፎ ጠፋ።  ወርዳ ፊቷን በሻርፗ ጠረገችና፣ ብስክሌቱን ትመልስልኝ እንደሆነ አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አስቴር ውሰጂው አለቻት።

ከስድስት ወር በኋላ ትናንት ደወለች። ምርኩዙን ጥላለች። በዚያን ቀን ጠዋት ድልድዩ ጋ ቀድማው ደርሳ፣ እስኪመጣ ቆማ ጠበቀችው። እንግዲያው አሸነፍሽው በይኛ አልኳት፤ አስተማሪ ነኝና ማርክ መስጠት እወዳለሁ።

"ኧረ አላሸነፍኩትም" አለችኝ። "አራቱን ደቂቃ አብሬው ቆምኩና አስቀደምኩት። ብበልጠው ነገ ከጎኔ የምትመጣው እኔው ራሴ ነኝ። እኔን ደግሞ ምን ላድርጋት?"