የኮፈን ሐኪሞች

መርካቶ መሐል የመኪና ኮፈን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ካልከፈታችሁ፣ በዚህች ከተማ ስንት ሐኪም እንዳለ አታውቁም ማለት ነው።

ያረጀችው ሚኒባሴ አመል አውጥታለች። ቆማ ሳለች፣ ነዳጅ መስጫውን ሳልረግጠው፣ ሞተሯ ራሱ ይጮሃል፤ ደግሞ ይወርድና ይንዘፈዘፋል። ትናንት ከአትክልት ተራ ቲማቲም ጭኜ ስወጣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ጭራሽ ቀጥ አለች። ኮፈኑን ባነሳሁበት ቅጽበት ሰው ከበበኝ።

ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ፍራሽ ነጋዴው ጋሼ ሸምሱ ናቸው። መሪ ጨብጠው አያውቁም። ሞተሩን አስነሱኝና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"ካንዴላ ነው።"

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ብለውኝ ቀየርኩት እኮ!"

"እንግዲያው ፓምፕ ነው።"

ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ነው። ቢሆንም ማልኩ፤ በሽታውን ሳላገኝ አንዲት ብሎን አልገዛም፣ ከዚህም ንቅንቅ አልልም! የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። አንዷ ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ "ስስስ" እያለች አየር ትስባለች። ስንጥቁን በጣቴ ስደፍነው ሞተሩ ጡት እንዳገኘ ሕፃን ረጋ አለ።

"አላልኩህም?" አሉ ጋሼ ሸምሱ። "ካንዴላው ባይቀየር ኖሮ ይሄ ቱቦ መች ይገኝ ነበር!"

የከበቡኝ ሐኪሞች ሁሉ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔም ጣቴን ሳላነሳ፣ "እባካችሁ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ናስትሮ አቀብሉኝና ልጠቅልለው" አልኩ።

ቀና ብል አንድም ሰው የለም። ማዶ ሌላ ኮፈን ተከፍቷል፤ ጋሼ ሸምሱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል።