የጋሼ ሜትሮ ሰማይ

መስኮት ከፍቶ ማየት ለሚበቃው ነገር ሽቦ የሚቀጥል፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በሰፈራችሁ ካላያችሁት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰውዬው እናንተ ናችሁ። የበር ደወል ሲበላሽበት ደወል አይገዛም፤ ደወል ይፈለስፋል። ቤቱ ውስጥ የሞተ ሬዲዮ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ስልክና አንገቱ የተቆረጠ ቻርጀር ሁሉ "አንድ ቀን ይጠቅማል" ተብሎ የክብር ጡረታ ወጥቶለታል። ያ አንድ ቀን እስካሁን አልመጣም፤ ተስፋ የቆረጠ ግን የለም።

የዛሬው ሰውዬ ቀን ቀን የአውቶቡስ ቲኬት ይቆርጣል። ከሥራ ሲወጣ ክቡር የአየር ጠባይ ሊቅ፣ የደመና ዋና ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ ጎረቤት ግን ማዕረጉን አሳጥሮ "ጋሼ ሜትሮ" ይለዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቱ ያለው ትልቅ ጠረጴዛ አንድ ብቻ ስለሆነ ግማሹ የእሷ የስፌት መኪና፣ ግማሹ የእሱ የሽቦ ግዛት ነው፤ ድንበሩም በየቀኑ ይገፋል። አንዴ ለደንበኛ ያስረከበችው ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ቀይ ሽቦ አብሮ ተሰፍቶ ተገኝቷል። ደንበኛዋ ፋሽን መስሏት ዝም ባትል ኖሮ ትዳሩ ያን ቀን ያከትም ነበር።

ሽቦው የበዛው ልጃቸው ሥራ ይዛ ከሄደች በኋላ ነው። ያለቻቸው አንድ ልጅ እሷ ናት። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ሆና፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ፣ ወገቧ ላይ ቀበቶ ታጥቃ ፖል ላይ ትወጣለች። እናት ይህን ባሰበች ቁጥር የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ዝናብ ሲሆንማ አይጣል ነው፤ እርጥብ ፖል፣ ነፋስ፣ መብረቅ ይታያታል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ጠዋት ማታ ይደውሉ ነበር፤ በመጨረሻ ልጅቷ ተማረረች።

"ከእሁድ ሌላ እንዳትደውሉብኝ! ፖል ላይ ሆኜ ስልኩ ሲጮህ ነው የምደነግጠው። ደግሞ እናንተ ስትፈሩ እኔም መፍራት እጀምራለሁ" አለች።

ሕግ ሆነ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እናት የምትጨነቀው ለብቻዋ ነው። ለባሏ ብትነግረው "ምን ያስጨንቅሻል? ጎበዝ ልጅ ናት" ብሎ ወደ ሽቦው ይመለሳል። ቆሽቷ የሚያርረው ይሄኔ ነው። የአብራኩ ክፋይ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ እሱ እንዴት የስልክ ሆድ ዕቃ ይጎረጉራል?

ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ጠየቀችው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰርኪት አሳያት፤ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች አለ።

"ይቺ በዋይፋይ ኢንተርኔት ውስጥ ትገባለች፤ የአየር ጠባይ መረጃ የያዘውን ሰርቨር 'አሁን እንዴት ነው?' ብላ ትጠይቅና መልሱን ታመጣልኛለች።"

"መስኮቱስ?"

"መስኮት ግምት ነው። ይሄ መረጃ ነው።"

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው "ትናንት እኮ ይሠራ ነበር!" የሚል ጩኸት ብቻ ሆነ። ዋይፋይ ጠፋ፣ ትናንት እኮ ይሠራ ነበር። ስክሪኑ ጽሑፉን ዘቅዝቆ አመጣ፣ ትናንት እኮ ይሠራ ነበር። ያ ሁሉ ነገር የሠራበት ትናንት የሚባለው ቀን የትኛው እንደሆነ ሚስቱ እስከ ዛሬ አታውቅም። በመጨረሻ የእውነት ሲሠራ ደግሞ፣ ሰርኪቷ በየሰከንዱ እየጠየቀች እረፍት ስለነሳችው ሰርቨሩ አገዳት።

"ምን አለ?" አለች ሚስቱ።

"ብዙ ጠይቀሃል፣ ከእንግዲህ አልመልስልህም ነው የሚለው።"

ሳቋ አመለጣት። "ልጅህም ያለችህ ይሄንኑ ነው! ሰውም ማሽንም አልቻለህም እኮ አንተን!"

እሱ አልሳቀም። ኮዱን አስተካክሎ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በጨዋ ደንብ፣ እንድትጠይቅ አደረጋት። ከዚያ ሮዝ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተታት፣ ሦስት አምፖል ተከለባትና መስኮቱ ላይ አቆማት። ደረቅ ከሆነ ቢጫ፣ ዝናብ ከሆነ ሰማያዊ፣ መብረቅና ነፋስ ከሆነ ቀይ ይበራል። ስክሪኗ ደግሞ ሙቀቱን ትጽፋለች።

የግቢው መከራ በዚህ ጀመረ። ፀሐይ አናት እየበሳ ሳጥኗ ሰማያዊ ታበራለች። ዶፍ እየወረደ ቢጫ ትሆናለች። ሚስቱ መስኮቱን ከፍታ "ኧረ ውጪውን ተመልከት!" ስትለው፣ ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ "መረጃው ትክክል ነው" ይላሉ። ከዚህች ቃል የመጣ ቢመጣ አይመልሳቸውም።

የባሰው የታች ቤቷ ባለላውንደሪ ላይ ነው። አንሶላዎቿን ግቢው ውስጥ ስለምታሰጣ የመስኮቱ መብራት ፊት ለፊት ይታያታል፤ የጎረቤት ነገር ሆኖባት አመነችው። ሰማያዊ ሲበራ በጠራራ ፀሐይ እርጥብ አንሶላ እየጎተተች አስገባች። በሌላው ቀን ቢጫ አይታ ገበያ ወጣች፣ ስትመለስ አንሶላው ሁሉ ጭቃ ላይ ተጋድሟል።

"ጋሼ ሜትሮ፣ ምን በድዬዎት ነው?" አለችው እያለቀሰች።

"መረጃው ትክክል ነው" አለ እሱ፣ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ አንሶላውን ሁሉ አብሯት እንደገና አጠበ። ሚስቱ ከመስኮቱ ሆና ስታየው አዘነችለት፤ ግን ጥፋተኛ ነኝ ለማለት ምን ያህል ይከብዳል?

አንድ ነገር ብቻ አልገባትም። ሰማያዊ በበራ ቀን እሱ ራሱ ጃንጥላ ይዞ አይወጣም። "አንተም አታምነውም ማለት ነዋ?" ብላ ስትጠይቀው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ሰውዬው እረፍት ላይ ነው፤ ውጪው ብራ ነው፣ አንዲት ደመና የለችም። ሳጥኗ ቀይ በራች። ሚስቱ ልትቀልድበት አፏን ስትከፍት ፊቱን አየችውና ቀልዱን ትታ ምሳውን አቀረበችለት። ምሳውን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ከወንበሩ ተነስቶ ሳጥኗን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ነቀላት፤ ሰካት። ቀይ። እንደገና ነቅሎ ሰካት። ቀይ።

"ተበላሽታ ይሆናል" አለ፣ ለራሱ ያህል። "ሳትበላሽ አትቀርም። ትናንት እኮ ትሠራ ነበር።"

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህ ሰው የሠራው ነገር እንዲበላሽለት ሲመኝ አይታው አታውቅም። ምን እንደፈራች ለራሷም ሳይገባት ስልኳን አንስታ ጓዳ ገባች። እሁድ አይደለም፤ ገደል ይግባ እሁድ። ደወለች። አይነሳም። ግድግዳውን ተደግፋ ደግማ ደወለች፤ ጥሪው ሊያበቃ ሲል ተነሳ።

"እማ? ምነው፣ ምን ሆናችሁ?"

"ምንም አልሆንንም። ዝም ብዬ ነው። ምንድን ነው እንዲህ የሚንኳኳው?"

"ዝናብ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ መብረቁ ጉድ ነው። ሁላችንም መጋዘን ቁጭ ብለን ካርታ እየተጫወትን ነው። መብረቅ ካለ ማንም ፖል አይወጣም፣ ስንቴ ልንገራችሁ እማ?"

እናት እፎይ አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። በተከፈተው በር ማዶ፣ ጠራራው ፀሐይ ላይ፣ ያቺ ሮዝ የሳሙና ማስቀመጫ ቀይ እንዳበራች ናት። ጀርባውን ለጓዳው ሰጥቶ ሳጥኗ ፊት የቆመውን ባሏንም አየችው። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ የግቢ መሳቂያ መሆን፣ ያ ሁሉ አንሶላ፤ እሱ ስለዚህ ግቢ ሰማይ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

"በይ እማ፣ የካርታ ተራዬ ደርሷል" አለች ልጅቷ። "ደግሞ የአባዬ ሳጥን አሁንም ይቀባጥራል?"

"አንድ ቀንም ተሳስቶ አያውቅም" አለች እናት፤ ዘጋችው።

መጥታ አጠገቡ ቆመች። "መጋዘን ቁጭ ብላ ካርታ እየተጫወተች ነው" አለችው። "ቀይ ሲሆን አይወጡም።"

ትከሻው እንደ ጆንያ ወረደ፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ መጨነቅ አታውቂበትም" አለ ዓይኑን እየጠራረገ። "እዚያ በዘነበ ቁጥር ምግብ ልታቆሚ ነው። አንዳችን እንኳ ብንበላ ብዬ ነው።"

"እና ያን ሁሉ ወር ብቻህን?"

"በየግማሽ ሰዓቱ ብቻ ነው" አለ።

ምሳውን አሙቃ አቀረበችለት፤ ሁለቱም ሳህኑን ጠርገው በሉ። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፋችና፣ ድንበሩ በገዛ ፈቃዷ ወደ ኋላ ሲሸሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ይህን እያደረገች ሳለች ከግቢው ጩኸት መጣ። ባለላውንደሪዋ ናት፤ አንሶላዋን እቅፍ አድርጋ ወደ መስኮቱ አንጋጣለች።

"እትዬ! ቀይ በርቷል! ላስገባው ወይስ ልተወው?"

ጋሼ ሜትሮ ሊነሳ ሲል ሚስቱ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችውና ራሷ በመስኮቱ ብቅ አለች።

"ተይው ይድረቅ! ቀይ ጥሩ ነው!"

"እንዴት ጥሩ ይሆናል? ሳጥኑ ተበላሸ እንዴ?"

"የለም" አለች፣ ፊቷ በሳቅ በርቶ። "መረጃው ትክክል ነው።"