ኡስታዝ ረእፈት የዱባ ፍሬ ሊገዙ የዘመቱት ዘመቻ

በራስ ኤል ባር የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ተክላችሁ የተቀመጣችሁ ሁሉ ይህን ዕወቁ፤ ኡስታዝ ረእፈት ዐብደል ተዋብ ከወንበራቸው ተነሡ፤ የተነሡትም የዱባ ፍሬ ሊገዙ ነው።

ይህም የሆነው አሮጌው የሸራ ወንበር በእርሳቸው ሥር ተቀዶ በወደቀ በአራተኛው፣ ባለሰማያዊ መስመሩ ጃንጥላ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኀ ነሐሴ፣ ዕረፍቱ በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። እኒህም ረእፈት የመንሱራ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ፣ ዐቃቤ ሰዋስው፣ መፍቀሬ ጥላ፣ ጸላኤ ልብ ወለድ ይባሉ ነበር፤ የመጨረሻውን ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ናቸው።

የዘመቻውም መነሻ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ሲት እንሺራሕ ወደ ባሕር ሲወርዱ በየዓመቱ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ይይዛሉ፤ በዚያም ዓመት የያዙት፣ ዳላል የምትባል በመድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ለአንድ መሐንዲስ ታጭታ ሳለ ሙኒር የሚባል፣ ከባሕር ሰው የሚያወጣ ዋናተኛ የወደደችበት ነበር። ኡስታዝም በመጀመሪያው ቀን ከጃንጥላው ሥር ቆመው “ዋናተኛ አይታ የምታለቅስ ልጅ ታሪክ ጭንቅላት ያደርቃል። እኔ ባለሁበት ይሄ ነገር አይነበብም” የሚል አዋጅ አስነገሩ። ሲት እንሺራሕም ገጹን ሳያጥፉ “እሺ፣ ዞር በልልኝ፤ ብርሃን ከለከልከኝ” ብለው አዋጁን አጸደቁ።

ወእምድኅረዝ ኡስታዝ የሚከለክሉትን ነገር አጥርተው ማወቅ ይገባኛል ብለው፣ ሲት እንሺራሕ ባንቀላፉ ጊዜ መጽሐፉን በጋዜጣ ውስጥ ሸሽገው ገለጡት፤ አንድ ገጽ ብለው አሥር፣ አሥር ብለው መቶ አነበቡ፤ በስምንተኛውም ቀን ዳላል ሻንጣዋን ይዛ ባቡር ጣቢያ ከደረሰችበት፣ መሐንዲሱም ከፉርጎው በር ሆኖ እጁን ከዘረጋላት፣ ሙኒርም በባዶ እግሩ እየሮጠ ከመጣበት ስፍራ ደረሱ፤ የቀሩትም ሦስት ቅጠሎች ብቻ ነበሩ። በዚያች ቅጽበት የሚስታቸው ወንድም ሹክሪ፣ ሕሙመ ጉልበት፣ በሊኀ ልሳን፣ ከባሕር ወጥቶ ጋዜጣውን ከእጃቸው ቢያነሣው መጽሐፉ ተገለጠ። ኡስታዝም ከሀፍረት ይልቅ ጥፋትን መርጠው “ወረቀቱ ለመጠቅለያ ይሆን እንደሆነ እያየሁ ነው” ብለው አወጁ። የዱባ ፍሬ እየቆላ፣ በአሮጌ መጽሐፍ ቅጠል እየጠቀለለ የሚሸጠው ሽማግሌው ዐም በረካት በዚያው ሰዓት በአጠገባቸው ያልፍ ነበርና፣ የተናገሩት ቃል አስሮአቸው መጽሐፉን በገዛ እጃቸው ሰጡት። እርሱም “አላህ ይስጥልኝ ኡስታዝ፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ወረቀት ካየሁ ቆየሁ” ብሎ እየቀደደ ሄደ።

ሲት እንሺራሕ ነቅተው ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም፤ ይህም ከቁጣ ይከፋ ነበር። ሻይ እየቀዱ “እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ዳላል ምን እንደሆነች ማወቅ የሚፈልግ ካለ ይጠይቀኝ” ብለው አወጁ፤ ያዩ የነበሩት ግን ባላቸውን ነበር።

ረእፈትም በልባቸው መዘኑ፤ ሚስታቸውን ቢጠይቁ የሠላሳ ዓመት ክብራቸው በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል፤ ባይጠይቁ ዳላል ለዘላለም ከጣቢያው ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ ጥርሳቸው የላላ፣ ሐኪምም ጨው የከለከላቸው ሲሆኑ፣ “የዱባ ፍሬ አማረኝ” ብለው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ዘመቱ።

ዐም በረካትንም ደርሰውበት አንድ ጥቅልል ገዙ፤ ቢፈቱት መሐንዲሱ ቀለበት የሚመርጥበት ሆነ፤ ይህን አንብበውታልና ናቁት። ሁለተኛም ሦስተኛም ገዙ፤ በታመመ ጉልበቱ እያነከሰ ለተከተላቸው ለሹክሪም ፍሬውን ሰጡት። በነጻ ፍሬ የሚያድል ሰው መጥቶአል የሚል ወሬም በዳርቻው ተሰማ፤ ሠራዊትም ተከተላቸው፤ እነርሱም ከዘቃዚቅ የመጡ ሦስት መበለታት፣ አንድ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ ከነሬዲዮው፣ የዋና ጎማ በወገቧ ያጠለቀች አንዲት ሙሽራ፣ ከኋላዋም ባልዋ፣ እንዲሁም ስሙ ያልተመዘገበ አንድ ድመት ናቸው። ከመበለታቱም ታላቂቱ “እኚህ ሰውዬ ፍሬውን ይሰጣሉ፣ ወረቀቱን ያነባሉ። ፀሐይ መታቸው እንዴ?” ስትል አወጀች፤ እየበላችም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ጥቅልል ከቀሩት ቅጠሎች ፊተኛው ተገኘ፤ ኡስታዝም እየሄዱ ሲያነቡ አንድ የአሸዋ ቤተ መንግሥት ከነግንቡ ረግጠው አለፉ። ሁለተኛው ከሙሽራይቱ እጅ ተማረከ፤ አፍዋን ልትጠርግበት ነበርና በምትኩ መሐረባቸውን ሰጡአት። በዚያም ቅጠል ሙኒር “ዳላል” ብሎ ተጣራ፣ ባቡሩ ጮኸ፣ እርስዋም ዞር ስትል ገጹ አለቀ።

ዐም በረካትም ባዶ ቅርጫቱን ገልብጦ “በቃ ኡስታዝ፣ አለቀ። የመጨረሻዋን ባለቤትዎ ናቸው፣ እርስዎ ሲያነቡ መጥተው የወሰዷት። ወረቀቱን አገላብጠው፣ መርጠው ነው የወሰዱት፤ እኔም ገርሞኛል” ብሎ አወጀ።

ኡስታዝም ተመለሱ፤ ሠራዊቱም ተመለሰ። ሲት እንሺራሕ በባላቸው ወንበር ተቀምጠው አንዲት አንዲት ፍሬ እየፈለቀቁ ነበር። “ፍሬውን ነው የፈለግከው፣ ወረቀቱን?” ሲሉ አወጁ። መካኒኩ ሬዲዮውን ዘጋ። ረእፈት ሹክሪን አዩት፣ ባሕሩን አዩት፣ ፍሬውን ነው ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነም አሰቡ፤ አስበውም “ወረቀቱን” አሉ።

ሲት እንሺራሕ ግን አልሰጡአቸውም። የቀረውን ፍሬ በባላቸው መዳፍ አፍስሰው፣ ወረቀቱን ዘርግተው፣ ጨውን አራግፈው፣ መነጽራቸውን አድርገው “በል ቁጭ በል” አሉአቸው፤ ጸላኤ ልብ ወለድም በሚስታቸው እግር አጠገብ ከአሸዋው ላይ ተቀመጡ። ሲት እንሺራሕም ቀስ ብለው አነበቡላቸው፤ ዳላል ቀለበቱን በመሐንዲሱ መዳፍ አስቀመጠች፣ ባቡሩም ያለ እርስዋ ሄደ፣ እርስዋም ጫማዋን አውልቃ ከሙኒር ጋር በባዶ እግርዋ ወደ ባሕሩ ወረደች። መበለታቱ እልል አሉ። ረእፈት የተከለከለውን ፍሬ ሁሉ ከነቅርፊቱ እንደበሉት ያወቁት ኋላ ነው።

ከራስ ኤል ባር እስከ ደምያጥ እንዲህ ያለ ድል አልተሰማም፤ ሃያ ሦስት ጥቅልል ማርከው፣ አንድ ጥርስ ብቻ ገብረው፣ ከሚስታቸው እግር ሥር በክብር የተቀመጡ ረእፈት፣ ጃንጥላቸውን ነፋስ አይገልብጠው፤ ዝናቸው ከአሸዋው ይብዛ።

ሹክሪም ጉልበቱን እያሸ “እስቲ አስረዳኝ ኡስታዝ፤ ለመጠቅለያ ነው ያልከን አንተ አይደለህም? አሁን ደግሞ ዓይንህን ምን አረጠበው?” አለ።

ኡስታዝ ረእፈትም የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤ “ወንበሩን ለእህትህ ወደ ጥላው ሳብላት። አላስረዳም።”