የሰባታችን አጎት ሰይድ

ይህን ወግ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ሁለት የእንግሊዝኛ ግስና አንድ አጎት ታተርፋላችሁ።

የእንግሊዝኛ ግስ ብቻውን ሲሆን ጨዋ ነው። ጠባዩ የሚለወጠው አንዲት ትንሽ ቃል ስትጠጋው ነው። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ፤ ሲጋቡ ግን «ጊቭ አፕ» መተው ይሆናል። ማን ምን ሰጠ፣ ወዴትስ ወጣ ብላችሁ አትጨነቁ፤ እኔ ተጨንቄ ያተረፍኩት ራስ ምታት ነው። «ሉክ አፍተር»ም በኋላ ማየት ሳይሆን መንከባከብ ነው። በስልኬ ብቻዬን ስማር የደረስኩበት ዘዴ ግሱን የቤት ሰው ላይ ማሰር ነው። አጎቴ ሰይድ በረመዳን «ሁለተኛ አልቅምም» ሲል ስለሰማሁት፣ ጫት እንደተወና አሁን ልጆቹን እንደሚንከባከብ በእንግሊዝኛ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሁለት ግስ በአንድ አጎት።

ታዲያ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ፈልጎ ለፈተና ጠራን። ያለ ሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እናቴ ከደሴ ስትሸኘኝ ዱዓ አደረገችልኝ። ለአንዲት ቦታ ሰባት ሆነን አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። ደብተሬን ሳወጣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሀያት፣ «ብቻህን ልትበላው ነው?» አለችኝ።

ወሎ ተወልዶ ይህን ሰምቶ ደብተሩን የሚከድን ካለ እኔ አላውቀውም። ገለጥኩት። ማስረዳት ደግሞ ነፍሴ ነው፤ ስድስቱም እስኪገባቸው አስረዳሁ።

የመጨረሻው ተጠሪ እኔ ነበርኩ። ፈታኙ፣ ጸጉራቸው የሸበተው ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ቤተሰብህ በእንግሊዝኛ ንገረኝ አሉ። አጎቴ ሰይድን ስጠራ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አንተም?»

ከመካከላችን ማተብ ያሰረ ኃይለማርያም ነበረ፤ በኛ አገር እሱም ሰይድ የሚባል አጎት ቢኖረው ማንም አይደነግጥም፤ እሳቸውም አልደነገጡም። ያስደነገጣቸው ሰይድ በአንድ ከሰዓት አምስት ጊዜ ጫት መተዉ ነው።

«ጌታዬ፣ እውነተኛው የኔ ነው!»

«ከፊትህ የገባውም ምሎልኛል። በል ደውልለት።»

ደወልኩ፤ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«አጎቴ፣ ጫት ትተህ የለም እንዴ?»

«ማን? እኔ?» አለ፣ ጉንጩ ሞልቶ ቃሉ እየተንከባለለ። «ወላሂ ሰው ሲያወራ! ምሳ በልቼ ዙሁር ከሰገድኩ ጀምሮ ከልጆቹ እናት ተደብቄ እየቃምኩ ነው። አንተም ጎራ በል።»

ሥራው የሀያት ሆነ። እሷ ከደብተሬ የወሰደችውን አንድ ቦታ ላይ ቀይራዋለች፦ አጎቴ ሰይድ ጫት ለመተው ሞክሮ አልቻለም ብላለች። ለምን እንደቀየረችው ስጠይቃት፣ «አብሽር ወንድሜ፣ አጎት ጫት ሲተው አይቼ አላውቅማ!» አለችኝ። ከሰባታችን ስለ አጎቴ እውነቱን የተናገረችው፣ አጎቴን በዓይኗ አይታው የማታውቀው እሷ ናት።

እናንተም ዛሬውኑ ሞክሩት። አንድ ግስ ያዙ፣ የቤት ሰው ፈልጉለት፣ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ለሰውየው ደውሉ። ከምሳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።