በእጅጉ አሳስቦናል

ዓለም ሰላም ካጣች ሰነባብታለች፤ ደግነቱ ወገዳ በምትባል የገጠር ቀበሌ አያ አለበል አሉላት። የማለዳውን ዜና ስልካቸውን ከጆሯቸው ለጥፈው ካዳመጡ በኋላ ወደ ዓለሚቱ ጠላ ቤት ይወርዳሉ። እዚያም የሚዘጋው ባሕር ይዘጋል፣ ማዕቀብ የሚገባው ማዕቀብ ይጣልበታል፣ ጦር ያሰለፈ ሁሉ ምሳ ሳይደርስ ልክ ልኩን ይነገረዋል። ኃያላን መንግሥታት ምክራቸውን ሰምተው አያውቁም፤ ይህ ግን የኃያላኑ ጉድለት ነው። ምቀኞች «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ያሟቸዋል። አያ አለበል ዕድሜያቸውን ሙሉ ድስት ነክተው ስለማያውቁ ተረቱ አይመለከታቸውም።

ከአድማጮቻቸው ሁሉ ትጉሁ የማሳ ጎረቤታቸው ጌታነህ ነበር። አንድ ቀን ጥያቄ አነሳ።

«አያ አለበል፣ ያ ትልቁ አገር የጎረቤቱን መሬት ሲወስድ ዓለም ዝም አለው?»

«ዝም አላለም። በእጅጉ አሳስቦኛል ብሏል።»

«ከዚያስ?»

«ሰንበት ብሎ በጥብቅ አወገዘ።»

«መሬቱንስ ለቀቀ?»

«አይ ጌታነህ፣ የዓለም ነገር እንዲህ በጥድፊያ አይሆንም» አሉ በትዕግሥት። «ቀስ እያለ የሚገፋ ሰው፣ የሚያሳስባቸው አሳስቧቸው ሳያበቃ እሱ ጨርሶ ይቀመጣል። ፖለቲካ ማለት ይህ ነው።»

ጌታነህ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ የሚገባው ተማሪ ማግኘት መታደል ነው።

ሰኔ ሲገባ የጌታነህ በሬዎች ወሰኑን ተሻግረው ከአያ አለበል ማሳ አንድ ትልም ቀደዱ። በማግሥቱም ሌላ ደገሙ። የአያ አለበል ባለቤት መስታወት ይህን አይታ ጠላ ቤት ድረስ መጣች።

«አንተ፣ ጌታነህ ወሰናችንን እየገፋ ነው። ከዚያ ማሳ ሌላ ጤፍ የምንዘራበት የለንም። ሂድና በሕግ አምላክ በለው።»

በአገሩ ልማድ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ዱላ ሰንዝሮ እንኳ ቢሆን፣ ባለበት ይቆማል። ነገሩ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አያ አለበልም የናቁት ለዚሁ ነው።

«ይህ የባላገር ነገር ነው» አሏት። «ጉዳዩ ደረጃውን ጠብቆ ይሄዳል። መጀመሪያ ያሳስበናል።»

«እኔንማ አሳስቦኛል።»

«መልካም። እንግዲያው ሁለት ሆነናል።»

ያንኑ ዕለት ሁኔታው በእጅጉ እንዳሳሰባቸው ለጌታነህ በሰው ላኩበት። ጌታነህ ምስጋና መልሶ ማረሱን ቀጠለ። በሳምንቱ በጥብቅ አወገዙት፤ በዚያ ቀን ሰፋ አድርጎ አረሰ። በመጨረሻም የወሰኑ ድንጋይ ከማሳቸው መካከል ካለው ግራር ሥር ተገኘ።

ይህን ጊዜ አያ አለበል ዲፕሎማሲውን ትተው ማሳው ድረስ ሮጡና «በሕግ አምላክ» አሉ።

ጌታነህ ወዲያው በሬዎቹን አቆመ። ሕግ አክባሪ ሰው ነው።

«ምነው አያ፣ ይህንን በመጀመሪያው ትልም ቢሉኝ እዚያው እቆም አልነበር? እኔኮ ገና እያሳሰብኩዎት መስሎኝ ነው።»

«እሺ፣ አሁን መሬቴን መልስ።»

«ቆሜያለሁ። በሕግ አምላክ የተባለ ባለበት ይቆማል እንጂ ወደ ኋላ ይመለሳል ያለ የለም። እርስዎም ጠላ ቤት፣ ተኩስ አቁም ማለት ሁሉም በያዘው ቦታ መቆም ነው ሲሉን አልነበር?»

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽማግሌዎቹ የዓለሚቱ ጠላ ቤት ሰዎች፣ ማለትም አያ አለበል በፖለቲካ ኮትኩተው ያሳደጓቸው ናቸው። ጠላው እስኪያልቅ ተመካከሩ። በዕድሜ የሚበልጡት አባ ወርቅነህ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ልጅ አለበል፣ ነገርህን መርምረናል።»

አያ አለበል ፍርዱን ሊሰሙ ጠጋ አሉ።

«በእጅጉ አሳስቦናል» ብለው አባ ወርቅነህ ተቀመጡ።

መስታወት በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ባሏ ዞረች።

«እንግዲህ ለኅዳር በጤፍ ፈንታ ወፍጮ ቤት የምወስደው ይህንኑ ነዋ» አለች።