የኸድራ አምፖልና የሄኖክ ከዋክብት

ጂቡቲ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ፀሐይ የሚፈልግ ሰው ምን ይባላል? ያለችው አንዷ አልበቃ ብላው ነው? እዚህ ከተማ ሰኔ ሲገባ ሰው የሚያጠናው የጥላ ጥግ ነው። ጎረቤቴ ሄኖክ ግን የእኛን ፀሐይ የሚመስሉ፣ እንደ እሷም ፕላኔቶች የሚዞሯቸውን ከዋክብት ያጠናል። ቀን የነጋዴ ልጆችን ሂሳብ ያስጠናል፤ አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሰማይ ሰው ይሆናል። ይሁን፣ ማን ከለከለው! ያስቸገረን ማስረዳቱ ነው። አንዴ «እንዴት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት እራታችሁ ቀዘቀዘ ማለት ነው።

ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ ነን። አከራያችን ኸድራ ድሬዳዋ ያደገች የጂቡቲ ሴት ናት፤ በአማርኛ መቆጣት ከሁላችንም በላይ ትችላለች። ክሊም፣ ያው ክፍል ማቀዝቀዣውን፣ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ መስመሩ አይችለውማ። ሰሞኑን ግን መብራቱ ሲደክም ሲመለስ የኸድራን ፍሪጅ አቃጠለው። ጣት የተቀሰረው ዘነበች ላይ ነው። ዘነበች ከሰው ቤት ሠራተኝነት ወጥታ በቆርቆሮ ክፍሏ ልብስ እየተኮሰች ራሷን የቻለች ሴት ናት። ካውያ ደግሞ መብራት ይበላል። «እስከ ሐሙስ ውጪልኝ!» አለቻት ኸድራ። ከወጣች የሚጠብቃት ያው የሰው ቤት ነው። ከወደብ ስመለስ በሯ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አየኋትና አንጀቴን በላችው።

ሄኖክን ለመንኩት። «የብርሃን መደብዘዝ አዋቂ አይደለህ? አጣራልን እንጂ!»

አቅማማ። የከዋክብቱ ሌላ፣ የግቢው ሌላ ምናምን አለ። ኸድራ «እስቲ አስረዳኝ፣ ዋርያ» ስትለው ግን አለቀለት።

ከመግሪብ በኋላ ሁላችንም ግቢው አምፖል ሥር ተሰበሰብን። ካውያው ተነቅሎ ኸድራ ጭን ላይ ተቀምጧል። የጎረቤቱ የበረዶ ቤት ሞተር እንደ ልማዱ ያጓራል።

«ፕላኔቷን አናያትም» አለ ሄኖክ እጁን እያወናጨፈ። «በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቧ ብርሃን በትንሹ ይቀንሳል፤ አልፋ ስትሄድ ይመለሳል። ጊዜውን ጠብቆ ከደጋገመ፣ የሚዞራት ነገር አለ ማለት ነው።»

አምፖሉ ደበዘዘ። ካውያው ጭን ላይ! ዘነበች «ተመስገን!» ብላ መሬት ሳመች።

«አያችሁ?» ሄኖክ ደስታው ገደብ አጣ። «ልክ እንደ ኮከቦቹ! አሁን ይመለሳል… ተመለሰ! ቆዩ፣ ሰባት ደቂቃ ጠብቁና ይደግማል!»

በሰባተኛው ደቂቃ ደገመ። አጨበጨብን። ኸድራ ብቻ አላጨበጨበችም።

«ዋርያ፣ አንዴ ብቻ አይተህ ሰባት ደቂቃውን ከየት አመጣኸው?»

ሄኖክ በማስረዳት ፈንታ ሮጦ የክፍሉን በር ተደገፈ።

ኸድራ ገፍታው በሩን ስትከፍተው ብርዱ ፊታችንን መታን። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት አሮጌ ክሊም ክፍሉ ሲሞቅ በራሷ እየተነሳች፣ ሲቀዘቅዝ እየተኛች ጌታዋን ትጠብቃለች። አልጋው ቀዝቅዞ እንዲቆየው ሳያጠፋት ወጥቶ ነበር። በሞተሩ ጩኸት ማን ይሰማታል? ወሩን ሙሉ ከእሷ ጋር ሲተኛ፣ ዘነበች በእሱ ፈንታ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ዝም ማለቱ ነው ያንገበገበኝ። ፊት ለፊት ነገርኩት።

ኸድራ አላባረረችውም። መስመሩን በራሱ ወጪ አስቀየረችው፤ ቀጥላም እሱንና ዘነበችን ክፍል አቀያየረቻቸው፤ ክሊሟ ግን ካለችበት አልተነሳችም። ሄኖክ አሁን ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ከዋክብትን ማጥናቱን አልተወም፤ ማስረዳቱን ግን ቀንሷል፣ ላብ አላናግር ብሎታል።

ትናንት በሬ ተንኳኳ። ዘነበች ናት።

«ወንድሜ፣ ጋቢ የለህም? ካውያው ብቻውን አላሞቀኝም።»